ደረቴ ውስጥ የቀረ ቃል

ናዝሬት፣ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሐዲስ፤

እንደምን ከርመሃል? የጅቡቲ ፀሐይ አላከሰለህም ወይ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ካለህበት በሰላም ያቆይህ፣ የወጣህበትን በር መልሶ ያሳይህ።

መሐመድዘይን ደብዳቤህንና የላክልኝን መነጽር በእጄ ሰጥቶኛል። ያን የሚያህል ተሳቢ መኪና አስፋልቱ ዳር አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ደህንነቴን እንደሚጠይቅ ስለማውቅ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ሸኘሁት። ስልክ ለእኔ ምንም ስለማይጠቅመኝ ከዚህ ሾፌር በቀር ወደ አንተ መንገድ የለኝም። በነገራችን ላይ "ሰላም"ን በንጉሡ "ሠ" ጽፈኸዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊደል ያስቆጠረች ሴት ያሳደገችህ ልጅ እንዲህ ሲጽፍ ማየት ያሳፍራል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠንካራ የስፖንጅ ትራስ እዚያ እንደ ልብ ይገኛል አሉ፤ አንድ ላክልኝ። በጀርባዬ ስጋደም የበላሁት ወደ ጉሮሮዬ ይመለሳል። ራሴን ከፍ ሳደርግ ይሻለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ጆሮዬ ከተደፈነ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ሰው አጠገቤ ቢጮህ እንኳ አይሰማኝም። ባለፈው ሰኞ ግን ምሳ በልቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከውጭ አይደለም። ከደረቴ ውስጥ ነው፣ በግራ በኩል፣ ከልቤ ጀርባ። ውሃ ከእንስራ ሲቀዳ እንደሚንቦጫረቀው ብሎ ቆመ። ማክሰኞም በዚያው በምሳ ሰዓት መጣ። ጓሮ ቤት የተከራየችው ጋዲሴ "ጨጓራ ነው፣ እቴቴ" ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። ለጋዲሴ የማይሆን ጨጓራ የለም።

እህትህ ሉሊት ከተለየችን ሰባት ወር ሞላት። መቃብሯ ላይ ስሟን አስጽፌያለሁ፣ የፊደሉንም ትክክለኛነት ቆሜ አይቻለሁ።

የእናትህ የአጎት ልጅ፣ ለአንተ ግን ከዚያም በላይ፣
ሸዋወርቅ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሸዋወርቅ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን! በእሳቱ "ሰ" ነው የጻፍኩት፣ ደግመው ይዩት። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጋዘኑ እንደ ምድጃ ነው፣ እኛም ስንበስል እንውላለን።

ትራሱን ልኬያለሁ። ስለ ድምፁ የጻፉትን ሳነብ ሳቅኩ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔም በዚህ ሙቀት ኮንቴይነሮቹ ሲያወሩኝ እሰማለሁ፣ መልስ ግን አልሰጣቸውም። ጋዲሴ ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ጨጓራ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ። ሽሮው ላይ በርበሬ ይቀንሱ።

ሌላ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። የሉሊትን ስም ስላስጻፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እጅዎን እስማለሁ፣
ሐዲስ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዲስ፤

በዚህ በጾሙ ወራት ሰላምና ጤና ከአንተ ጋር ይሁን። ትራሱ ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው፣ ሁለተኛ ጨምርልኝ። አንዱ አልበቃኝም።

ባልከኝ መሠረት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና ሊወጣ የሚታገል። አፉን እያፈጠነ ብዙ ጠየቀኝ። እንደማልሰማ መንገር አልወደድኩም፤ ለማላውቀው ሰው ይህን ስናገር እንደ ሕፃን ያዩኛል። ስለዚህ በጠየቀኝ ቁጥር ራሴን ዝቅ እያደረግሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ሰው የሚጠይቀው ያው ነው፤ እንዴት ነዎት፣ ልጆች እንዴት ናቸው። እሱም ጻፈ፣ ጻፈ፣ የጨጓራ እንክብል ሰጠኝና ሸኘኝ።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም።

ባጃጁ የተገለበጠ ዕለት እኔ ከታች ነበርኩ፣ ሉሊት ደግሞ በላዬ። ፊቷ ደረቴ ላይ ነበር። ፊቷን አላየሁትም፣ ከንፈሯንም ማንበብ አልቻልኩም። ግን ተናገረች፤ አፏ ደረቴን ነክቶት ስለነበር ንዝረቱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። አንድ ነገር አለች። ምን እንዳለች አላውቅም። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሰው ደርሶ እስኪያነሳት ድረስ እቅፌ ውስጥ ነበረች።

ሐዲስ፣ ያ የሚሰማኝ ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ አፏ በነካኝ ቦታ። የነገረችኝ ነገር ወደ ጆሮዬ ሳይደርስ ደረቴ ውስጥ ቀርቷል። አእምሮዋ ተናጋ አትበለኝ። ድምፁ እንዴት እንደሆነ ደግሜ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ከፍ ይላል። እንደ ጥያቄ።

የትንሣኤውን ብርሃን በጤና ያሳየን።

ሸዋወርቅ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሸዋወርቅ፤

እንኳን በዓሉን በሰላም አሳለፉ። መልስ ለመጻፍ ዘግይቻለሁ። መሐመድዘይን ሁለት ጊዜ መጥቶ ደብዳቤ ጠይቆኝ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን መለስኩት። ወረቀቱ ላይ ከሰላምታው አላልፍ አልኩ።

እትዬ፣ አእምሮዎ ተናጋ አልልም። እኔ እዚህ በምሳ ሰዓት ከሰው ተለይቼ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። "አሁን እየተናገረች ነው" እላለሁ።

የማላወራውን ነገር እርስዎም አውርተውት አያውቁም፣ ስለዚህ እኔ ልጀምር። ያን እሑድ ወደ ቢሾፍቱ የሄዳችሁት በእኔ ምክንያት ነው። የላክሁላችሁን ዕቃ የያዘው ሌላ ሾፌር ናዝሬት ሳይቆም አልፎ ቢሾፍቱ ሰው ቤት ጥሎት ሄደ። ሉሊት ዝናብ ነው፣ ለሳምንት ይቆይ አለችኝ። እኔ ዛሬውኑ ካልሄዳችሁ ዕቃው ይጠፋል ብዬ ጮህኩባት። ስልኩን የዘጋሁት ሳልሰናበታት ነው። ዕቃው ለጆሮዎ የላክሁት የመስሚያ መሣሪያ ነበር። ሳጥኑ እጇ ላይ እንደነበር ሰዎች ነግረውኛል። ከፍተውት ያውቃሉ?

ሌላም አለ። ለቀብሯ ፈቃድ ተከለከልኩ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ፈቃድ አልጠየቅሁም። እናንተ ፊት ለመቆም ፈርቼ ነው።

ከተናገረች ይጠይቁልኝ። በእኔ ተቀይማ እንደሆነ ብቻ ይጠይቁልኝ። ሁለት ትራስ ልኬያለሁ።

ሐዲስ


ናዝሬት፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሐዲስ፣

አምላክ ልብህን ያረጋጋልህ። ስለ ቀብሩ አውቅ ነበር። ፈቃድ የተከለከለ ሰው እንዲያ ረጅም ደብዳቤ አይጽፍም።

ሳጥኑን አልከፈትኩትም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ጥጉ ላይ ጭቃው አለ። እሷን የወሰደብኝን ነገር ጆሮዬ ላይ አልሰካም ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። የውጭውን ዓለም ጫጫታ ካስገባሁ የውስጡን እንዳላጣ እፈራለሁ።

ጠየቅኋት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "በሐዲስ ተቀይመሻል ወይ?" አልኳት። ያንኑ መለሰችልኝ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጥያቄን በጥያቄ ትመልሳለች፣ ድሮም አመሏ ነው።

ብልሃቷን ግን ደርሼበታለሁ። ከበላሁ ትናገራለች፣ ብዙ ከበላሁ ብዙ ትናገራለች። ስለዚህ ባልራብም እበላለሁ። አምባሻ፣ ገንፎ፣ ያገኘሁትን። ስትጠግብ ድምፅዋ ይጠራል። አንዳንዴ ልቤን ገፍታ ትንፋሽ ታሳጥረኛለች፣ ያን ጊዜ ቀስ በይ እላታለሁ። ከትናንት ወዲያ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያቅለሸልሸኝ ቆየ፤ አጎንብሼ ባምጥም የወጣ ነገር የለም፣ ምራቅ ብቻ። ከዚያ በድንገት ለቀቀኝ።

ጋዲሴ አላምን ስትል ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ፣ ጠበቅን። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። "ያ ዋቃ" ብላ በኦሮምኛ አምላኳን ስትጠራ ከንፈሯን አነበብኩ። በማግስቱ ዕቃዋን ሸክፋ ሁሩታ እናቷ ቤት ሄደች፣ ቁልፉን በበሩ ሥር አሾልካ። ስለዚህ ሌላም ሰው ሰምቶታል፤ የእኔ ብቻ አይደለም።

ትራስ ይበቃኛል። አሁን ተቀምጬ ነው የምተኛው። ምንም አትላክልኝ። ሐምሌ ዘጠኝ ሙት ዓመቷ ነው፣ ሰው ጠርቼ አበላለሁ፣ እኔም ደህና አድርጌ እበላለሁ። ያን ቀን ቃሉን እለየዋለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

በረከቷ ይደርብን።

ሸዋወርቅ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሠላምታውን ይለፉኝ፣ ፊደሉንም አያርሙ። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ምግብ እንዳይቀምሱ።

የእርስዎን ደብዳቤ ይዤ ወደብ ክሊኒክ ለሚሠራው ለኢስሃቅ ነገርኩት። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ነርስ ነው። እየቀለድኩ ነበር የጀመርኩት። እሱ አልሳቀም። "አደጋ ደርሶባቸው ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ። የናዝሬቱም ሐኪም ይህንኑ ሳይጠይቅዎት አልቀረም እትዬ፣ እርስዎም ይመስገን ብለውታል።

ኢስሃቅ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። በሆድና በደረት መካከል እንደ ኮርኒስ የተወጠረ ሥጋ አለ። በከባድ አደጋ ይቀደዳል፣ ሰው ሳያውቀው ወር፣ ዓመት ይቆያል። በቀዳዳው ጨጓራ እየተሳበ ወደ ደረት ይወጣል። ብሽሽት ላይ እንደሚወጣው ቡአ ነው፣ ይኸኛው ግን የሚወጣው ወደ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ጨጓራ የትም ቢሄድ ሲበሉ ይጮሃል። በልብ ጀርባ ሆኖ ይጮሃል። የእርስዎ ጆሮ ከውጭ ስለተዘጋ የራስዎን ውስጥ ከማንም ይልቅ ይሰማል አለኝ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ሲሞላ ሊዞር ይችላል። የጆንያ አፍ ጠምዝዘው እንደሚያስሩት ላዩም ታቹም ይታሰራል። ያን ጊዜ ያጥወለውላል፣ ግን የሚወጣ የለም። ከዚያ ድምፁ ይቆማል። "ድምፁ የቆመ ዕለት የሰዓታት ጉዳይ ነው" አለኝ። የሚፈሩት መናገሯን ሳይሆን ዝምታዋን ይሁን።

እትዬ፣ እሷ አይደለችም። ይህን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔም እሷ እንድትሆን ፈልጌ ነበር።

የጋዲሴ ስልክ አይሠራም። ለመሐመድዘይን ሁሉንም ነግሬዋለሁ፣ በእጁ ይሰጥዎታል፣ እምቢ ቢሉም እንዳይሰማዎት አዝዤዋለሁ። ከታች ያለውን ቆርጠው ለሐኪም ይስጡ።

"ለሚመለከተው ሐኪም። እኚህ ሴት ጆሯቸው አይሰማም። 'እግዚአብሔር ይመስገን' ካሉዎት ጥያቄዎን አልሰሙም ማለት ነው፤ እባክዎ በጽሑፍ ይጠይቋቸው። ሐምሌ 9 ቀን 2015 ባጃጅ ተገልብጦባቸው ሰው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ከደረታቸው ውስጥ የሆድ ድምፅ ይሰማል።"

ሐዲስ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሐዲስ፣

ዝም አለች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ጥሩ አድርጌ በልቼ ነበር። መጀመሪያ እንደዛሬ ተናግራ አታውቅም፣ ደረቴ ሞላ፣ ቃሉን ልይዘው ጥቂት ቀረኝ። ከዚያ አንድ ነገር ውስጤ ዞረ። ቁልፍ ሲዞር እንደሚሰማው ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ሊያስመልሰኝ ይላል፣ አይወጣም። ውሃ ጠጣሁ፣ ወዲያው ተመለሰ። ምራቄም አይወርድም። ሕመሙን አልጽፈውም።

ጨርሳ ሄዳ ይሆናል። ጥያቄዋን ሳልመልስላት ሄደች። በሩ እየተነ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምኮራብህ ልጄ ለሐዲስ፤

እንደምን አለህ? እኔ አለሁ። ይህን ቃል እንዲህ ረግጬ የጻፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያልተጨረሰውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ፤ አንተም አንብበው፣ ከእኔ ዘንድ እንዲቀር አልፈለግሁም።

በሩ እየተነቃነቀ ነበር ልል ነው ያቋረጥኩት። መሐመድዘይን ነበር። የድንበሩ ሰልፍ አቆይቶት ከጋላፊ ጀምሮ ሳይተኛ ነድቷል። ደብዳቤህን ቆሜ ላነብ ስሞክር ወደቅሁ። ተሸክሞ ከነተሳቢው ሆስፒታል በር ድረስ ወሰደኝ፤ መንገዱን በሙሉ ዘግቶ፣ የባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ሲሰድቡት። ስድባቸውን አልሰማሁትም እንጂ ከከንፈራቸው አንብቤዋለሁ።

ቆርጠው ለሐኪም ይስጡ ያልከው ወረቀት ከእኔ ቀድሞ ገባ። ሐኪሟ አንብባ ቀና ስትል አየኋት፣ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ በጽሑፍ ጠየቀችኝ። እኔም በጽሑፍ መለስኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሐኪም ጋር የተነጋገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በአፍንጫዬ ቱቦ ሊያስገቡ ሞከሩ፣ መንገዱ ታስሮ አልገባም አለ። ራጁ ላይ ከልቤ ጀርባ ክብ ጥቁር ነገር ተቀምጦ አየሁ። እንደ ሰው ጭንቅላት ነበር፤ አልዋሽህም። ሐኪሟ "ጨጓራዎ ነው፣ ዞሯል" ብላ ጻፈች። እዚያው ዕለት ቀደዱኝ፣ ወደ ቦታው መለሱት፣ ቀዳዳውን ሰፉት። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ይጠቁር ነበር አለች። ጋዲሴን ይቅር በላት፣ በመጨረሻው ጨጓራ ማለቷ ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደረቴ ባዶ ሆነ። ስነቃ አለቀስኩ። የታከምኩት ሳይሆን የቀበርኩት መሰለኝ። ቃሉን ከእኔ ጋር ሰፍተው ያስቀሩት፣ ወይም አውጥተው የጣሉት መሰለኝ። አንተ እሷ አይደለችም ብለሃል፣ አምኜሃለሁ፣ ግን ማመን ሌላ፣ መቻል ሌላ ነው።

ቤቴ ከተመለስኩ በሳምንቱ አንድ ሰው መጣ። ጉደታ ይባላል፣ የባጃጁ ነጂ ነው። እግሩ ያነክሳል። ለሙት ዓመቷ ሊመጣ አስቦ እኔ ሆስፒታል መግባቴን ሰምቶ ቆይቷል። ወንበር ሰጠሁት። አፉን ከፈተ፣ መናገር ጀመረ። እኔም እንደ ልማዴ "እግዚአብሔር ይመስገን" ልል አፌ ላይ ደረሰ።

አላልኩም። አንተ ለሐኪሟ የጻፍከው ትዝ አለኝ። እጄን አንስቼ አስቆምኩት፣ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ሳጥኑን አወጣሁ። ባትሪው እንደታሸገ ነው። መሣሪያውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ፣ ከዚያ የእሱ ትንፋሽ። "አሁን ንገረኝ" አልኩት።

"ባለፈው ዓመት ለቅሶው ላይ መጥቼ ነግሬዎት ነበር" አለኝ። "ቁጭ ብዬ በጆሮዎ ነገርኩዎት። 'እግዚአብሔር ይመስገን' አሉኝ። ሰምተውኛል ብዬ ሄድኩ።"

ባጃጁ ሥር ተይዞ ስለነበር እሷ የተናገረችውን ሁሉ ሰምቷል። ሁሉ ያልኩህ አንድ ቃል ነው። የአንተን ስም አላነሳችም፣ በማንም አልተቀየመችም፣ አልጮኸችም። እላዬ ላይ ተኝታ፣ አፏ ደረቴ ላይ ሆኖ፣ ያለችው ይህ ብቻ ነው።

"እትዬ፣ ከበድኩዎት?"

ቁጠረው፣ ሐዲስ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ከፍ ያለ። ሐኪሟ ጨጓራ ነው ትላለች፣ እኔም ጨጓራ ነው እላለሁ። አንተም እንደዚያው በል። ግን ቁጠረው።

ጉደታ ከወጣ በኋላ እጄን ስፌቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ስትጠብቅ እኔ ለሰው ሁሉ ይመስገን ስል ኖሬያለሁ። "አልከበድሽኝም" አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ የራሴንም ድምፅ ሰማሁት፤ አርጅቷል።

ስልኬን ዛሬ አስጠግኛለሁ። ደውልልኝ።

እትዬህ ሸዋወርቅ